ስለ ብርቅዬ የተፈረመ

ኦቾሎ፣ መስከረም 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለአገርነሽ ብዙነህ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የናፍቆቴን ያህል ልጻፍ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። ይህችንም ከወንድሜ ልጅ ደብተር ላይ ነው የገነጠልኳት።

«ሰባት ሳምንት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስትንከራተቺ ከርመሽ፣ የምደባው ዕጣ ሊወጣ ሲል የት ገባሽ?» ላልሽኝ፣ መልሱ እናቴ ናት። ሐምሌ ላይ ሳል ብቻ ነበር። አሁን በነጠላዋ ጫፍ ደም ጠርጋ አጥፋ ትደብቀኛለች። ነርስነት ተምሬ የመጀመሪያ በሽተኛዬ እናቴ ሆነች፣ እሷም ትዋሸኛለች። አክታዋ ባይመረመርም ምን እንደያዛት አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ በኋላ አሥር ወር ኪኒን። መርፌው ደግሞ ኦቾሎ ድረስ አይወጣም፤ የምትወርደው እሷ ናት።

እሷ ግን አልወርድም ብላለች። «አንቺ ሥራ ይዘሽ ቤት ስትከራዪ እወርዳለሁ፤ እስከዚያ አፌን በማይሰማ ሰው ደጅ አልተኛም» አለችኝ። አማርኛዋ ከሰላምታ እንደማያልፍ ታውቂያለሽ። ስለዚህ አርባ ምንጭ ወይም ጨንቻ ከደረሰኝ እናቴ ትታከማለች። ሩቅ ከሆነ እንጃ። ሌላ ጭንቀት የለኝም፤ እሱ ግን በቂዬ ነው።

ወረቀቴ ተሟልቷል። ማመልከቻዬን፣ የትምህርት ማስረጃዬን፣ የዋሱን ፎርምና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ የጤና መምሪያው የሠራተኛ አስተዳደር ሹም አቶ ወልደ ሚካኤል ነሐሴ ላይ ተቀብለውኛል። ፎቶዬን ካሳዩሽ እንዳትስቂ፤ ዶሮ ስሰርቅ የተያዝኩ መስያለሁ።

የውክልናውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። «ጠበብ አድርገሽ ከጻፍሽው አንድ ቃል ጎደለ ብለው ይመልሱኛል፣ ሰፋ አድርጊው» ስላልሽኝ «ምደባዬን በሚመለከት በማናቸውም ጉዳይ ስለ እኔ እንድትፈርም» ብዬ ጽፌያለሁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ማኅተሙን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ገብስ ሲያርሙ ማሳ ላይ አገኘኋቸው፤ እዚያው በጉልበታቸው ላይ መቱልኝ። ጭቃ የነካው ለዚህ ነው።

እጅሽ ቀና ነው። ፈተና ላይ በግምት ያከበብሽው ሁሉ ትክክል ይሆንልሽ ነበር። ሐሙስ ዕጣው ሲወጣ ለእኔም እንደዚያው አድርጊልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ አጎቴ ኦይታ ነው፤ ቡልኮ ሊሸጥ ይወርዳል።

እህትሽ ብርቅዬ ኤርጫፎ



አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ መስከረም 13 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ፣ ከእህት ለይቼ ለማላይሽ ለብርቅዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እናታችን እንዴት ናት? አጎትሽ ኦይታስ በሰላም ገቡ? ዝናቡስ ቀነሰ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በትናንትናዋ ብጣሽ ወረቀት «ምን ወጣልኝ?» ብለሻል። ያንቺ ካምባ ሆነ። የእኔ እዚሁ አርባ ምንጭ። ቀና ነው ያልሽው እጄ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

«እንዴት እንደነበር አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» ላልሽውም ብዙ የሚነገር የለም። የቦታዎቹን ስም ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ መርፌ በምንቀቅልበት የብረት ሳህን ውስጥ አደረጉት። ስም ይጠራል፣ የተጠራው ያነሳል፣ አቶ ወልደ ሚካኤል ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ላልመጡት የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አለቀ። «መጥፎ ከወጣ ቅያሪ ይቻላል ወይ?» ያልሽውን በተመለከተ፣ የቅያሪው ጊዜ ዓርብ ዕለት ተዘግቷል።

አሁን የምልሽን እሺ በይኝ። እናትሽን ወደ እኔ አምጫት። አባቴ ካረፈ ወዲህ በዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ፤ አልጋም አለ። መርፌዋን በገዛ እጄ እወጋታለሁ፣ እሑድም ቢሆን አላስታጉልም። ጋሞኛዬ የከተማ ልጅ ጋሞኛ ቢሆንም አፏን እሰማታለሁ። መስቀልን ከቤተሰቧ ጋር ትብላና ይዘሻት ውረጂ። እምቢ እንዳትዪኝ፣ እለምንሻለሁ።

እንዳትቀየሚኝ።

አገርነሽ



ካምባ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለአገርነሽ፣

ካምባና አርባ ምንጭ መካከል ያለው ጭቃ ሁሉ ሰላምታዬን ሳያስቀር ያድርስልሽ። «መንገዱ እንዴት ነበር?» ብለሻል። እስከ ግማሽ በኢሱዙ፣ ከግማሽ በኋላ ኢሱዙውን እየገፋን፣ ከዚያም ትተነው በእግር። ጫማዬ አንዱ ቀድሞኝ ሞቷል።

ጤና ጣቢያው አራት ክፍል ነው። ኃላፊው አቶ በርናባስ የሚባሉ አንጋፋ ጤና ረዳት ናቸው፤ ከትምህርት ቤት የወጣን ልጆች መርፌ ከመውጋት በፊት መናገር እንደምንወድ ነግረውኛል። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ለብቻዬ አዋለድኩ። ወንድ ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። መዝገቡ ላይ ስሜን ከጎኑም «ነርስ» ብዬ ጻፍኩ። ለማን ልንገር? ላንቺ ነዋ።

ስለ እናቴ ምን ብዬ ላመስግንሽ? መርፌዋን ከጀመረች ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እዚህ ግድግዳ ላይ እየቆጠርኩ ነው። ጆሮዋ ጭው ካለ፣ ወይም ስትሄድ ከተንገዳገደች፣ መድኃኒቱ ነውና ቶሎ ጻፊልኝ። እንግዳ ፊት አትበላም። ብትጎተጉቻት የባሰ ነው። ወደዚህ ላምጣት እንዳልል ካምባ መድኃኒት የሚገባው መንገዱ ሲፈቅድ ነው፤ መርፌው ካለቀ ወር ሆኖታል።

በር ላይ ስንሰነባበት «አትናደጂብኝ» ያልሽኝ እስካሁን ይገርመኛል። ዕጣ ነው እኮ፣ በምን እናደድብሻለሁ? እናቴን ያስጠጋችልኝ አንቺ። ሌላው ቢቀር እሱን አልረሳም።

ብርቅዬሽ



አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለብርቅዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እናታችን ሰላም ብላሻለች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች «ጻፍሽላት?» እያለች ትነዘንዘኛለች።

የጠየቅሽኝን በየተራ ልመልስልሽ። ዛሬ ሃያ አምስተኛው መርፌዋ ነው። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ነበረች፣ አርባ ገብታለች። ደሙ ቆሟል። ጆሮዋ ደህና ነው፤ የጎረቤት ሐሜት አንድ አያመልጣትም። እንግዳ ፊት አለመብላቷ እውነት ነው፤ ስለዚህ ምግብ ስናቀርብ ጀርባዬን ሰጥቻት እቀመጣለሁ፣ ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። ትናንት «አንቺም ሰው ሆነሻል፣ ዙሪ» አለችኝ። ዞሬ አብረን በላን። ከዚያ በኋላ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቂኝ። ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር፤ ሌላ ጊዜ ይሻላል።

«የሚካኤል ነገር ከምን ደረሰ?» ላልሽኝ፣ ሽማግሌ ልኳል። የሚሠራበት የውኃ ተቋም ቤት ሰጥቶታል፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ከአንቺ ሌላ ሚዜ አላስብም።

ረስቼው፣ የግል ማኅደርሽ ከመምሪያው ወደ ካምባ ሊላክ ነው ሲሉ ሰማሁ። ደርሶሻል እንዴ? እንዲሁ ነው የጠየቅኩሽ።

አገርነሽ



ካምባ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

አገርነሽ፣

ሰላምታ የለኝም።

ማኅደሬ ዛሬ መጣ። አቶ በርናባስ ጠረጴዛዬ ላይ አኑረውልኝ በፎቶዬ ስቀው ወጡ። ማመልከቻዬ አለ። የዋሱ ፎርም አለ። ከሥሩ ደግሞ «የምደባ ቅያሪ ስምምነት» የሚል ቅጽ አለ። የብርቅዬ ኤርጫፎ ዕጣ፣ አርባ ምንጭ። የአገርነሽ ብዙነህ ዕጣ፣ ካምባ። ሁለቱ ሠራተኞች በስምምነት ተቀያይረዋል። መስከረም 10፣ ዓርብ። ግርጌው ላይ ሁለት ፊርማ አለ፤ ሁለቱም ያንቺ ናቸው። አንዱ ስለ ራስሽ፣ አንዱ «ስለ ብርቅዬ»። በአንድ እስክሪብቶ። ከኋላው የእኔው የውክልና ደብዳቤ ጭቃው ሳይለቅ ተያይዟል፤ «በማናቸውም ጉዳይ» የሚለው ሥር በቀይ ተሰምሮበታል።

አርባ ምንጭ የእኔ ነበረች። በእጅሽ አንስተሽልኛል። እጅሽ እውነትም ቀና ነበር።

ክደሽኛል። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። ሌባ ሰርቆኝ ቢሆን እጮህ ነበር። እዚህ ምን ብዬ ልጩህ? ለአቶ በርናባስ ባሳያቸው «የራስሽ ውክልና ነው፣ ምን ይደረግ» ነው የሚሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሊቀመንበሩን ማሳ ድረስ ሄጄ ማኅተም ያስመታሁት እኔ ነኝ። «ሰፋ አድርጊው» ስትዪኝ ያኔውኑ አስበሽው ነበር? ወይስ ሰሌዳው ላይ ካምባን ከስምሽ ጎን ስታዪው መጣልሽ? የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

ያመሰገንኩሽን ሳስብ ፊቴ ይቃጠላል። እናቴን ስሜ እግርሽ ላይ ልወድቅ ነበር እኮ። አንሥተሽ አቀፍሽኝ። እያቀፍሽኝ ታውቂ ነበር።

ይህን በነገው መኪና ብልከው ሆዴ ይቀልለኝ ነበር። ግን ዛሬ የእናቴ ሠላሳ ስድስተኛ መርፌ ነው። ሃያ አራት ይቀራታል። እናቴን አውቃታለሁ፤ በመካከላችን ጠብ እንዳለ ከሸተታት አንድ ቀን አታድርም፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተራራዋን ትወጣለች። ከዚያ መርፌው ይቋረጣል፣ ከዚያ ምን እንደሚመጣ አንድ ላይ ተምረናል።

ሃያ አራት ቀን እዋሽሻለሁ።



ካምባ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአገርነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። ሚዜ ሁኚኝ ላልሽኝ፣ በደስታ እሆናለሁ።

ማኅደሬ ደርሶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ገና አልደረሰም። መንገዱን ታውቂዋለሽ።

የወባ ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ አጠረ፣ ይቅርታ። የእናቴን መርፌ አደራ። ኅዳር 21 የመጨረሻው ነው፤ በማግሥቱ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ።

ብርቅዬ



አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለብርቅዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልኬ አንድ መስመር ተኩል ነው የመለስሽልኝ። ያውም «ስንት ቀረ?» የሚል ብቻ። ዘጠኝ ቀረ። እናታችን አርባ አራት ኪሎ ናት። ትናንት ብቻዋን ገበያ ወርዳ የኦቾሎ ሰዎች አግኝታ፣ ስትመለስ ደጁ ድረስ ሳቋ ይሰማ ነበር።

ምን ሆነሻል? በሥራ ነው ብለሽኛል፣ እሺ በሥራ ይሁን። ቀድሞ ስትጽፊልኝ የሞተ ጫማሽን ሳይቀር ትነግሪኝ ነበር። ደብዳቤሽን ለእናታችን ሳነብላት አጠረ እንዳትል ከራሴ እየጨመርኩ ነው። ልጅሽን ናፍቀሻታል አልኳት፣ ልጅሽ ዶሮ ገዝታለች አልኳት። ዶሮ ይኑርሽ አይኑርሽ እንጃ።

ስትመጪ የምነግርሽ ነገር አለኝ። በደብዳቤ አይሆንም።

አገርነሽ



አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ብርቅዬ፣

ቀድደሽ እንዳትጥዪው፤ የእናትሽ ነገር ስላለበት እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ፈቃድ ወስደሽ የመጣሽ ቀን በር ላይ ቆመሽ የቅያሪውን ቅጽ ፊቴ ላይ ዘርግተሽ «ለማሰብ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» አልሽኝ። አሁን ልመልስልሽ። ከሐሙስ እስከ ዓርብ። ድንገት ሆነብኝ ብል ለእኔም ይቀለኝ ነበር፣ ግን አስቤበት ነው። የእኔ ካምባ ሲወጣ ሚካኤልን አሰብኩ፤ ካምባ ከሄድኩ ቤተሰቦቹ ሌላ ያጩለታል። ያንቺ መጨረሻ ላይ ተነሳ፤ አርባ ምንጭ። ጓደኞቻችን ስላንቺ አጨበጨቡ። ስለ ውክልናው ያኔ አላሰብኩም ነበር፣ በዚህ እመኚኝ። ዓርብ ጠዋት ግን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘሁት። አቶ ወልደ ሚካኤል «ልጅቷ ተስማምታለች?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ አዎ አልኳቸው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ላንቺ የምጽፈውን ውሸት ሳማርጥ ነው የከረምኩት።

የእናትሽን ነገር ያሰብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። እኔ ጋ ካመጣኋት የተበላሸ ነገር አይኖርም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንግዲህ ሰው ራሱን በዚህም ያታልላል።

«ለእናቴ መቼ ነገርሻት?» ላልሽው፣ ጀርባዬን አዙሬ መብላት በተውኩ ማግሥት። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ለብርቅዬ አትንገሪያት፤ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ መርፌዬም ይቀራል። ሲያልቅ እኔ አስታርቃችኋለሁ» አለችኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም ዝም ያልኩት። እሷም ያንቺን እያሰበች ነው።

አቶ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ሄጄ መልሰው እንዲቀይሩን ለመንኳቸው። አንዴ የተቀያየረ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይነቃነቅም አሉኝ። ማመልከቻዬን ግን አስገብቻለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እናትሽ ኪኒኗን አልዋጥ ብላለች። አንቺ በሩን ዘግተሽ ከሄድሽ ጀምሮ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። «ልጄና መድኃኒት የምትሰጠኝ ሴት ተጣልተው እኔ ብውጠው ምን ይረባኛል? ይህ ጎሜ ነው» ትላለች። ስለ ጎሜ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ያልታረቁት በደል ቤት ውስጥ ተቀምጦ በሽታ እንደሚጠራ ነው የምታምነው። ጠርሙሱን ከፊቷ አስቀምጣ ጥጧን ትፈትላለች። ካልታረቃችሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ወደ ኦቾሎ እወጣለሁ ብላኛለች። ትናንት እንደገና አሳለች።

ስልሳ መርፌ ወግቻታለሁ፤ አንዱም እንደዚህ ኪኒን አልከበደኝም። ምን ላድርግ? ይቅር በዪኝ። ለእኔ ብለሽ ካልሆነ ለእሷ።

አገርነሽ



ካምባ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአገርነሽ ብዙነህ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። መኪናው ነገ ጠዋት ስለሚመለስ በአጭሩ እጽፋለሁ።

ይቅር በዪኝ ላልሽው፣ አልልሽም። ስልሳውን መርፌ ስለወጋሻት ከልቤ አመሰግንሻለሁ፤ እናቴ በሕይወት ያለችው በእጅሽ ነው። ይህን የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው። በዚያው እጅ የፈረምሽውም እውነት ነው። አንዱን በአንዱ ላጣፋው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቅያሪ ስለማስመለሱም ዳግመኛ አትድከሚ።

እናቴም ዝም ማለቷ ከአንቺው ያላነሰ ቆርጦኛል። እሷ ስላንቺ ዝም ትላለች፣ አንቺ ስለ እሷ፣ እኔ ስለ መርፌው። ሦስት ሰው አንድ ነገር እያወቀ አንድ ወር ያህል ሰላምታ ተለዋወጠ። እሷን ግን አልቀየማትም፤ ልቀየማት ብልም ጊዜ የለኝም። ዘጠኝ ቀን ኪኒን ሳትውጥ ቀርታለች። ወደዚህ አላመጣት፣ ካምባ ኪኒን ከገባ ወር አልፎታል። ኦቾሎ ከወጣች የሚሰጣት ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ካንቺ ሌላ ማንም የለኝም። ይህን መጻፍ ምን ያህል እንደመረረኝ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ከአሁን በኋላ በወር አንዴ ጻፊልኝ። ክብደቷን፣ ሳሏን ጻፊ። ኪኒን ያመለጣት ቀን ካለ አትደብቂኝ። ስለ ሠርግሽ፣ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ጸጸትሽ አንዲት ቃል አትጻፊ። ሚዜ ሌላ ፈልጊ። ለእናቴ መንገዱ ተዘጋ በያት።

ከዚህ በታች ያለውን ለእሷ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ዓይን ዓይኗን እያየሽ አንብቢ፣ ድምፅሽ እንዳይሰበር። ከራስሽ ምንም እንዳትጨምሪ። ከዚያ ውኃውን አቀብያት።

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። አገርነሽ ሁሉንም ነግራኛለች፣ እኔም ሰምቻታለሁ። ታርቀናል። በልባችን የቀረ ነገር የለም። ኪኒንሽን ዋጪ።»

ነርስ ብርቅዬ ኤርጫፎ